በማር ይስሐቅ አገር፤ ስለ ዕለት ልማድና ስለ ልብ መለወጥ

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ጉባኤያት አራት መሆናቸው የታወቀ ነው፤ እነርሱም ብሉያት፥ ሐዲሳት፥ ሊቃውንትና መጻሕፍተ መነኮሳት ናቸው። አራተኛው ጉባኤ በሦስት መጻሕፍት ይቆማል፤ ይኸውም በማር ይስሐቅ፥ በፊልክስዩስና በአረጋዊ መንፈሳዊ ነው። ተማሪ እነዚህን መጻሕፍት ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ በሚማርበት ጊዜ ምሥጢራቸውን እንጂ አገራቸውን እምብዛም አይጠይቅም። ብዙው ሰው ሦስቱም ከግብፅ በረሃ፥ ከአስቄጥስ የመጡ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከሦስቱ ሁለቱን የጻፉት በቀድሞ ዘመን ቤት ቀጥራዬ ይባል የነበረው አገር ተወላጆች ናቸው፤ ይህም አገር ዛሬ ኳታር የምትባለውን ባሕረ ገብ መሬት የሚጨምር ነበር። በዛሬው ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኢትዮጵያውያት እንጀራ ፍለጋ የሚሄዱባት የዶሃ ከተማም በዚያው መሬት በምሥራቅ ዳርቻ ላይ ትገኛለች።

የዚህ ትምህርት ጥያቄ አንድ ነው። ሰው በየዕለቱ በሚያደርገው በትንሹ ነገር አሳቡና ጠባዩ እንዴት ይለወጣል? መልሱንም ከዚያው አገር ሰው፥ ከማር ይስሐቅ መፈለግ ተገቢ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቤት ቀጥራዬ ማለት በሱርስት ቋንቋ የቀጠር ሰዎች አገር ማለት ነው። በ7ኛው መቶ ዓመት ይህ ስም ከኳታር ጋር የባሕሬንን ደሴቶችና የምሥራቅ ዐረብን የባሕር ጠረፍ ያጠቃልል ነበር። በዚያም በሱርስት የሚጸልዩ ክርስቲያኖች፥ ጳጳሳትና መነኮሳት ነበሩ። በ676 ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ ዳሪን በምትባል ስፍራ የአገሩን ጳጳሳት ሰብስቦ ጉባኤ አድርጓል። ይስሐቅን የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ የሾመውም ይኸው ጊዮርጊስ ነው። ይስሐቅ በየትኛው መንደር እንደ ተወለደ አልተጻፈም፤ በዶሃ ተወለደ ማለትም አይቻልም፤ ዶሃ ከተማ ወደ መሆን የደረሰችው በ19ኛው መቶ ዓመት ነውና። እነዚያ ክርስቲያኖች የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ከምትባለው ወገን ስለ ነበሩ ከእስክንድርያ መንበር ጋር አንድ አልነበሩም። መጽሐፉ ግን ይህን ድንበር ሁሉ ተሻግሮ በግሪኮችም፥ በግብፃውያንም፥ በኢትዮጵያውያንም ዘንድ የተወደደ ሆነ። እንዲህ ያለ ዕድል ያገኘ መጽሐፍ ጥቂት ነው።

የይስሐቅ ታሪክ አጭር ነው። በሹመቱ ላይ የቆየው አምስት ወር ብቻ ነው። በ9ኛው መቶ ዓመት የኖረው የባስራ ኤጲስ ቆጶስ ኢሾዕደናሕ ሲጽፍ፥ ይስሐቅ ሹመቱን የተወበትን ምክንያት እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ ያልፈዋል። የዐረብኛው መቅድም ግን አንድ ታሪክ ይጨምራል። ይኸውም፥ አንድ አበዳሪና አንድ ባለ ዕዳ ተካሰው ወደ ይስሐቅ በመጡ ጊዜ፥ እርሱ እንደ ወንጌል ትእዛዝ ለባለ ዕዳው ጊዜ እንዲሰጠው አበዳሪውን ለመነው። አበዳሪውም ወንጌልን ለጊዜው ተወው አለው። ይስሐቅም ወንጌል በማይሰማበት ቦታ የእርሱ መቀመጥ ምን እንደሚጠቅም ራሱን ጠይቆ ወጣ ይባላል። ከሁለቱ ወሬዎች የትኛው እውነተኛ እንደ ሆነ ለመፍረድ አያስደፍርም፤ የቀደመው ግን የኢሾዕደናሕ ዝምታ ነው።

ሰባኪዎች ይህን ታሪክ ሲያነሡ ብዙውን ጊዜ ሹመት በመተዉ ላይ ይቆማሉ። ይሁን እንጂ ሹመትን መተው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ቍጡ ሰውም፥ የተሰላቸ ሰውም ያደርገዋል። የሚበልጠው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ይስሐቅ በሑዛዬ አገር ወደሚገኘው ወደ ማቱት ተራራ ሄዶ ከባሕታውያን ጋር ተቀመጠ፤ በኋላም በረባን ሻቡር ገዳም ኖረ። ምግቡ በሳምንት ሦስት ዳቦና ጥቂት አትክልት ነበር፤ በእሳት የበሰለ አይቀምስም ነበር። መጻሕፍትን ሳያቋርጥ ከማንበቡና ከተጋድሎው የተነሣ ዓይኑ ጠፋ፤ የሚያስተምረውንም ደቀ መዛሙርቱ ይጽፉለት ነበር። በእስክንድርያ ያስተምር በነበረው በዕውሩ በዲዲሞስ ስም ሁለተኛው ዲዲሞስ ብለው ጠሩት። ይህን የሰማ ተማሪ በኵራዝ ብርሃን ዓይኑን ማጥፋት የቅድስና ምልክት እንዳይመስለው መምህሩ ሊነግረው ይገባል፤ ከታሪኩ የሚወሰደው የዓይኑ መጥፋት ሳይሆን የንባቡ አለመቋረጥ ነው።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው አሳብ ከማር ይስሐቅ አሳብ ይለያል። ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ልቤ ይስተካከል፥ ፈቃዴም ይበርታ፥ ከዚያ በኋላ ሥራዬ ይቃናል ይላል። ስለዚህም ልቡ እስኪስተካከል ሲጠብቅ ዓመታት ያልፋሉ። ማር ይስሐቅ ግን ነገሩን ከሌላው ወገን ይጀምረዋል። በመጀመሪያ ሥጋ ይሠራል፤ ነፍስ ትከተላለች፤ ልቡና በመጨረሻ ይነጻል። ደግሞም የሁሉ መጀመሪያ ሰው የራሱን ድካም ማወቁ ነው፤ ድካሙን ያወቀ ሰው ከኀይሉ በላይ አይሳልምና፥ የተሳለውን ትንሽ ነገር ይጠብቃል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት በሁሉ ሰው አፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን እንቍላሉ እንዲሁ በመቈየት ብቻ አይሄድም፤ ዶሮዪቱ ሃያ አንድ ቀን ያህል በላዩ ተቀምጣ ካላሞቀችው ይበላሻል። ማር ይስሐቅ የሚናገረው ስለዚህ ስለ መቀመጡ ነው።

የኢትዮጵያ መምህራንም በመጻሕፍተ መነኮሳት ትርጓሜ ይህንኑ ሥርዐት በአሥር መዓርጋት ከፍለው ያስተምራሉ። ሦስቱ የንጽሐ ሥጋ ናቸው፤ እነርሱም ጽማዌ፥ ልባዌና ጣዕመ ዝማሬ ናቸው። አራቱ የንጽሐ ነፍስ፥ ሦስቱ የንጽሐ ልቡና ናቸው። የላይኞቹን ሰባቱን ለማብራራት ይህ ስፍራ አይበቃም፤ ደግሞ ያልደረሱበትን ማብራራት አይገባም። የታችኞቹ ሦስቱ ግን ዋሻና ተራራ ለሌለው ሰው ሁሉ የሚጠቅሙ የዕለት ልማዶች ናቸው። መጽሐፉ የመነኮሳት ነውና ለዓለማውያን አይገባም የሚሉ አሉ። ለሰባቱ ይህ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለሦስቱ ግን አይሆንም፤ አንደበትን መጠበቅ ለባለ ቆብ ብቻ የታዘዘ አይደለምና።

ጽማዌ ዝምታ ነው። መዓርጋት ሁሉ ከዚህ ይጀምራሉ፤ ምክንያቱም ከሥጋ ብልቶች ሁሉ ፈጥኖ የሚሠራው ምላስ ነው፤ የሰው አሳብም የሚበተነው በእርሱ በኩል ነው። ተማሪ ይህን ልማድ ለመያዝ ከፈለገ ቀኑን ሙሉ ዝም ልበል ብሎ አይጀምር፤ በመጀመሪያው ሳምንት በምሳና በራት ጊዜ ያለውን ወሬ ብቻ ቢተው ይበቃዋል። ይህን አንድ ወር የጠበቀ ሰው ከዚያ በፊት ይናገር ከነበረው ምን ያህሉ ሐሜት፥ ምን ያህሉም ራስን ማመስገን እንደ ነበረ ያውቃል። የዝምታ የመጀመሪያ ፍሬው ይህ ዕውቀት ነው፤ ደስ የሚያሰኝ ዕውቀት አይደለም።

ስለ ጽማዌ ሲነገር ግን በዶሃ ያሉትን እኅቶች ማሰብ ያስፈልጋል። በሰው ቤት የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ከባሕታዊ ይልቅ ዝም የምትልበት ጊዜ አለ፤ የቤቱን ቋንቋ አታውቅም፤ ከደጅ አትወጣም፤ በስሟ የሚጠራት አገርኛ የለም። ይህ ዝምታ ጽማዌ ነውን? አይደለም። ጽማዌ ሰው ወድዶ የሚይዘው ዝምታ ነው፤ ተገዶ የሚይዘው ዝምታ ግን ልብን ያጨልማል እንጂ አያነጻም። ስለዚህ ደመወዟ ለተያዘባት ሴት ዝም ብለሽ ቻይ፥ ይህም ክብር ነው ብሎ መምከር ከማር ይስሐቅ የተወሰደ ምክር አይደለም። እርሱ ራሱ ወንጌል አልሰማም ባለ አበዳሪ ፊት ፍርድን አስመስሎ መቀመጥን እንቢ ማለቱ በመቅድሙ ተነግሯል።

ይህን በሚመለከት የአገሩን ሕግ ማወቅ ይጠቅማል። ኳታር በ2017 ባወጣችው በቍጥር 15 ሕግ የቤት ሠራተኛ የሥራ ጊዜ በቀን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥና በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ከነደመወዙ ዕረፍት እንዲሰጥ ተደንግጓል። ከመጋቢት 2021 ጀምሮም የቤት ሠራተኞችን የሚጨምር የ1000 ሪያል ዝቅተኛ የወር ደመወዝ ተወስኗል። ሕጉ በየቤቱ ገብቷል ማለት ግን አይደለም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2020 ባወጣው ጽሑፍ ካነጋገራቸው 105 የቤት ሠራተኞች 90ዎቹ ዘወትር በቀን ከ14 ሰዓት በላይ ይሠሩ እንደ ነበር ገልጿል። እንግዲህ መብቷን የምትጠይቀው ሴት ጽማዌን አፈረሰች አይባልም፤ የሚያስፈልገውን በሚያስፈልገው ጊዜ መናገር ከጽማዌ ጋር አይጣላምና። ጽማዌን የሚያፈርሰው ሌላ ነው፤ ይኸውም ሥራው ካለቀ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት በስልክ የሚፈሰው ወሬ፥ የማን ልጅ ምን ላከች፥ የማን ቤት በቆርቆሮ ተከደነ የሚለው መፎካከር ነው። ብዙዋን ሴት ከዕንቅልፏም ከገንዘቧም የሚለያት ይህ ነው። ከዚህ ሰዓት ግማሹን ለራሷ ያስቀረች ሴት በገዛ ፈቃዷ የያዘችው አንድ ነገር አገኘች ማለት ነው፤ ቀኑን ሙሉ በሌላ ሰው ፈቃድ ለሚኖር ሰው ይህ ታላቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው መዓርግ ልባዌ ነው፤ ማስተዋል፥ ልብ ማድረግ ማለት ነው። አፍ ዝም ካለ በኋላ ልብ ይናገራልና፥ ያን ጊዜ አሳቡን የሚሰበስብበት ሥራ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ነገር ከማር ይስሐቅ አገር የበለጠ ምሳሌ አይገኝም፤ የዕንቍ ጠላቂዎች አገር ነበርና። እርሱም ራሱ መነኵሴን ዕራቁቱን ወደ ባሕር ወርዶ ዕንቍ በሚፈልግ ጠላቂ ይመስለዋል። ይህን ምሳሌ በደጋ የሚኖር ተማሪ ሲሰማ የቃል ጌጥ ይመስለዋል፤ ለማር ይስሐቅ ግን የአገሩ ሰዎች የዕለት እንጀራ ነበር።

የጠላቂው ሥራ በዶሃም እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ታይቷል። በበጋው አራት ወር ያህል ጀልባዎች ወደ ዕንቍ መስክ ይወጣሉ። ጠላቂው አፍንጫውን በመቈንጠጫ ይዘጋል፤ እግሩን በድንጋይ በከበደ ገመድ ላይ ያኖራል፤ ቅርጫቱን አንጠልጥሎ ይወርዳል፤ በአንድ ትንፋሽ የቻለውን ያህል ዛጎል ሰብስቦ ገመዱን ሲነቀንቅ በጀልባ ላይ የቆመው ጓደኛው ይስበዋል። ጥቂት አርፎ ዳግመኛ ይወርዳል፤ እንዲህ እያለ ቀኑን ይፈጽማል። ዛጎሉ ሲከፈት አብዛኛው ባዶ ነው። ጠላቂው ግን በወረደ ቍጥር ዕንቍ አገኛለሁ ብሎ አይወርድም፤ መውረድ ሥራው ስለ ሆነ ይወርዳል። ደግሞም ከመርከቡ አለቃ በቅድሚያ የተበደረው ዕዳ ስላለበት፥ ብዙ ዓመት ሠርቶ ከዕዳ ሳይወጣ የሚቀር ነበር፤ ለደላላ ተበድሮ የሄደ የዛሬ ስደተኛ ይህን ታሪክ ሲሰማ ባዕድ አይሆንበትም። በ1930ዎቹ ጃፓኖች በእርባታ ያወጡት ዕንቍ ገበያውን ሲያፈርሰው ሥራው ወደቀ፤ በ1939 በዱኻን ዘይት ተገኘ፤ ዛሬ በዶሃ ባሕር ዳር የሚታየው የዛጎልና የዕንቍ ሐውልት የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው።

ለልባዌ የሚወሰደው ትምህርት ይህ ነው። ማስተዋልን የሚለማመድ ሰው በየቀኑ አንድ ጊዜ፥ በአንድ ሰዓት፥ በአንድ ስፍራ ወደ ልቡ ይወርዳል። ዛሬ ምን አደረግሁ፥ ምን አስቈጣኝ፥ ማንን አስከፋሁ ብሎ ይጠይቃል። በብዙው ቀን ምንም አያገኝም፤ አሳቡ ይበተናል፥ ዕንቅልፍ ይመጣል። ልምድ የሌለው ሰው በሦስተኛው ቀን ይህ ለእኔ አልተሰጠኝም ብሎ ይተዋል። ባዶ ዛጎል የቀኑ ሥራ አካል መሆኑን የተረዳ ግን አይተውም። የአሳብ መለወጥ የሚባለውም ይህ ነው፤ ዋጋውን በአንዱ ቀን ውጤት ከመመዘን በመውረዱ ወደ መመዘን መሻገር ነው። በዶሃ ሕንፃ የሚሠሩ ወንዶች ከ2021 ጀምሮ ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 ባለው ጊዜ ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በፀሐይ እንዳይሠሩ ሕግ ይከለክላል። በእነዚህ ሰዓታት ጥላ ሥር የተኛ ሰው ቢተኛ ድካሙ ይገባዋልና ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን ከዚያ ውስጥ ሩብ ሰዓት ወጥቶለት የቀኑን ገቢና ወጪ፥ የልቡንም ገቢና ወጪ በአንድ ደብተር የሚጽፍ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ ገንዘቡ ወዴት እንደ ሄደ አይጠፋበትም።

ሦስተኛው ጣዕመ ዝማሬ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የሚቀመስ እንጂ የሚተረክ አይደለምና። ትርጓሜው እንዲህ ነው፤ ሰው በአንደበቱ የሚያነበው ቃል በልቡ መጣፈጥ ሲጀምር ነው። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት መከፈሉ፥ መዝሙረ ዳዊትም በየዕለቱ ተመድቦ መነበቡ አባቶች ይህን ስላወቁ ነው፤ ሁሉን በአንድ ቀን የሚጨርስ ሰው ጣዕሙን አያገኝም። የዕለቱን የሚያነብ ግን ማክሰኞ ከሰኞ ይልቅ፥ በሁለተኛውም ዓመት ከመጀመሪያው ይልቅ ይሰማዋል። ልጆች በሚተኙበት ሰዓት ወጥ ቤት ቆማ ዳዊቷን በቃሏ የምትደግም ሴት፥ ባሕታዊው በማቱት ተራራ ካደረገው የተለየ ነገር አላደረገችም።

ልማዱ በተቋረጠ ጊዜስ ምን ይደረግ? ይህን ለመመለስ ሁለተኛውን የቤት ቀጥራዬ ሰው መጥራት ያሻል። በግእዝ ፊልክስዩስ የተባለው መጽሐፍ በ523 ባረፈው በመንቡጉ ኤጲስ ቆጶስ ስም ይጠራል፤ ሊቃውንት ከሱርስቱ ጋር አስተያይተው እንዳገኙት ግን ዳዲሾዕ ቀጥራዊ የሚባል የ7ኛው መቶ ዓመት መነኵሴ ስለ ግብፅ አበው የጻፈው ትርጓሜ ነው። ወንድሞች ይጠይቃሉ፤ አረጋዊ ይመልሳል፤ ተማሪዎች የሚወዱትም ስለዚህ ነው። ይኸው ዳዲሾዕ ስለ ብሕትውና በጻፈው ሌላ መጽሐፍ በማኅበር የሚኖሩ መነኮሳት ለሰባት ሱባኤ ከሰው ተለይተው ስለሚቆዩበት ሥርዐት ያስተምራል። ልብ ሊባል የሚገባው የተወሰነ ጊዜ መሆኑ ነው። ሰው ሁልጊዜ ሊይዝ የማይችለውን ዝምታ ለተቈጠሩ ቀናት ይይዘዋል፤ ቀኑ ሲፈጸም ወደ ማኅበሩ ይመለሳል፤ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ይጀምራል። እንዲህ ለሚያስብ ሰው መቋረጥ ውድቀት አይባልም። የሚጐዳው ሌላው ነው፤ ለዘለዓለም ብሎ የተሳለና በአሥረኛው ቀን የሰበረ ሰው፥ ስእለቴ ፈርሷል ብሎ የቀረውን ሁሉ አብሮ ይጥላል። ስለዚህ ተማሪው ከአንድ ጾም እስከ ሌላ ጾም፥ ተሳላሚው ከወጣበት ደብር እስከሚሳለምበት ገዳም፥ በዶሃ ያለችውም ሴት ከአንዱ የዕረፍት ቀን እስከ ሌላው ብለው ቢወስኑ የአበውን ፈለግ ተከተሉ ማለት ነው። የዕረፍት ቀን የማይሰጣት ሴትስ? ለእርሷ ሱባኤው ያጥራል፤ ከምሽት እስከ ንጋት ይሆናል።

የማር ይስሐቅ መጽሐፍ ከሱርስት ወደ ግሪክ የተመለሰው በኢየሩሳሌም አጠገብ ባለው በማር ሳባ ገዳም በአብርሃምና በጳጥሪቆስ በሚባሉ ሁለት መነኮሳት እጅ ነው፤ ወደ ግእዝ የመጣው ግን በዐረብኛ በኩል ነው። ከጠፋ የቈየው የሱርስቱ ሁለተኛ ክፍል በ1983 በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ተገኝቷል። በ2014ና በ2015 ደግሞ የዶሃው የኳታር ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከውጭ አገር ሊቃውንት ጋር ሆነው በ7ኛው መቶ ዓመት ስለ ኖሩት የቀጠር የሱርስት ጸሐፊዎች ሁለት መጻሕፍት አሳትመዋል፤ ይስሐቅና ዳዲሾዕም በእነዚያ ውስጥ ተቈጥረዋል። በኢትዮጵያ ገዳማት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲነበብ የኖረው መጽሐፍ በተጸነሰበት አገር የታወቀው እንዲህ ዘግይቶ ነው፤ ቅጂውን በቃሏ ሸምድዳ ወይም በሻንጣዋ ይዛ ወደዚያ የምትሄድ የመነኵሲት እኅት ወይም የመሪጌታ ልጅ ብትኖር፥ ወደ መጽሐፉ አገር መሄዷን የነገራት ሰው አለመኖሩ የመምህራን ጕድለት ነው።